ሰዓዳና የተራራው ጉም

ሰዓዳ የምትኖረው ሜዳው ሰፊ በሆነበት በአፋር ቆላ ነው። አባቷ እንድሪስ ሾፌር ነው።

አንድ ጠዋት ከኮምቦልቻ ስልክ ተደወለ። እዚያ አያቷ ቤት ያለችው እናቷ ወንድ ልጅ ወልዳለች።

«አባ፣ ቶሎ እንሂድ። ወንድሜን ልየው» አለች ሰዓዳ። የአባቷ መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች።

የቆላው መንገድ ቀጥ ያለ ነው። መኪናዋ ሽው... ሽው... ሽው እያለች ሄደች።

ከፊታቸው ግመሎች መንገዱን ሞሉት።

«አባ፣ ክላክስ አድርግላቸው።»

«አይሆንም ልጄ። ግመል ክላክስ ሲሰማ ይደነብራል። እዚህ አገር ዝም ብለን እንጠብቃለን።»

ግመሎቹ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ ብለው ተሻገሩ። ባለ ግመሉ እጁን አነሣላቸው።

ከባቲ በኋላ ዳገቱ መጣ። ጉምም ወረደ።

ተራራው ጠፋ። ዛፉ ጠፋ። መንገዱም ጠፋ።

እንድሪስ ጥጉን ይዞ ቆመ። ጉም ውስጥ ነድቶ አያውቅም።

አንድ ሽማግሌ በእግራቸው ሲወርዱ አየ። «አባባ፣ የዚህ አገር ሾፌሮች ጉም ሲሆን እንዴት ያደርጋሉ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«መብራት ያበራሉ። ኩርባው ላይ ሲደርሱ ክላክስ ያሰማሉ። መስኮት ከፍተውም ያዳምጣሉ» አሉ ሽማግሌው።

ሰዓዳ ግራ ገባት። «እዚያ ታች ክላክስ አይሆንም አላልክም?»

«እዚያ አይሆንም፤ እዚህ ደግሞ ግድ ነው። መንገዱ ሲለወጥ እኛም እንለወጣለን።»

መኪናዋ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ ብላ ወጣች።

ኩርባ መጣ። ጲጵ! ጲጵ! ሰዓዳ በመስኮቱ አዳመጠች። ምንም የለም።

ሌላ ኩርባ። ጲጵ! ጲጵ! ምንም የለም።

ሌላ ኩርባ። ጲጵ! ጲጵ!

ጷ...ም!

«አባ፣ ከላይ የሚመጣ አለ።»

እንድሪስ ጥጉን ይዞ ቆመ። ከጉሙ ውስጥ ትልቅ የጭነት መኪና ብቅ አለ። ጎናቸውን ታክኮ፣ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ ብሎ ወረደ።

የሰዓዳ ልብ ድው፣ ድው አለ። ከዚያ ወዲያ «ቶሎ እንሂድ» አላለችም።

ኮምቦልቻ ሲደርሱ መሽቶ ነበር። እናቷ በር በሩን ስታይ አገኟት።

«አልሐምዱሊላህ። እንኳን በሰላም ገባችሁ» አለች።

እንድሪስ ሕፃኑን ሊቀበል እጆቹን ዘረጋ። እጆቹ ይንቀጠቀጡ ነበር።

«አባ፣ ፈርተህ ነበር?» አለች ሰዓዳ።

«አዎ ልጄ። ፈርቼ ነበር።»

ሰዓዳ መዳፎቿን ከአባቷ መዳፎች ሥር አደረገች። እናቷ ሕፃኑን እላያቸው ላይ አስተኛችው።

ሕፃኑ አልነቃም። የአባቷም እጆች ጸጥ አሉ።