የካሜራዋ ቀይ ጉብታ

የሽማግሌው ፎቶግራፍ አንሺ ጭንቅላት በካሜራ መቆሚያ ብረት ተፈርክሷል። ደሙ ነጩን መጋረጃ አልፎ ጣሪያው ድረስ ተረጭቷል። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለችው የድሮ ካሜራ ግን፣ ያቺ በመስኮቷ ሁለት ምስል አገጣጥማ ርቀት የምትለካው፣ ገና ፊቷን የታጠበች ሙሽራ መስላ ታበራለች።

መርማሪዋ በርከክ ብላ የሟቹን ቀኝ እጅ አየች። ጣት የለውም፤ የቀረው የደነደነ ጉማጅ ነው።

«ማሽን ነው የበላው፤ ሃያ ዓመት አለፈው» አለች ሚስቱ።

የታጠቡ ፎቶዎችን እያስዋበች ሪታች የምትሠራው ልጅ በካቴና ታስራ ጥግ ቆማለች። ሽማግሌው አዲስ ፊልም ሲጀምር ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚያነሳው የግድግዳውን ሰዓት ነበር፤ መቼ እንደጀመረው እንዳይረሳ። ከካሜራዋ የወጣው ፊልም ሲታጠብ የተገኘው ያ አንድ ምስል ብቻ ነው፤ ሰዓቱም አስር ይላል። ታናሽ ወንድሙ ከስምንት ተኩል ጀምሮ ትምህርት ቤት ውስጥ አርባ መምህራን ሲያነሳ ውሏል። የሟቹ ሚስት ጥርስ ሐኪም ዘንድ ነበረች። ቤት የቀረችው ልጅቷ ብቻ ናት።

«ጋሼን እኔ?» አለች ልጅቷ። «ፎቅ ላይ ሬዲዮ ከፍቼ ስሠራ ነበር። ምንም አልሰማሁም!»

«ሱቁን ለአንቺ ሊያወርስ አልነበር? አላስችል ብሎሽ አጣደፍሽው» አለ ወንድምየው።

መርማሪዋ ካሜራዋን አገላበጠች። «ጣት የሌለው ሰው ይቺን በምኑ ይተኩሳል?»

«መተኮሻው ላይ የምትጠመዘዝ ቀይ ጉብታ አለች፤ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል። በግራው ይዞ በጉማጁ ነካ ሲያደርጋት ትተኩሳለች። ጠዋት ጠዋት እኔ ነኝ የማጠብቅለት።» ልጅቷ አንገቷን አሰገገች። «የት ሄደች?»

ወንድምየው ሳቀ። «ያቺ አሻንጉሊት! ቦርሳ ውስጥ እንኳ ሳይነኳት እየተኮሰች ስንት ፊልም አበላሽታብኛለች። እኔ ካሜራውን ስይዝ መጀመሪያ እሷን ነው የምነቅለው።»

መርማሪዋ ሁሉንም ከሰዓቱ ሥር ሰበሰበቻቸው። ካሜራዋን በሩ ላይ ለቆመው ፖሊስ ሰጠችው።

«በግራህ ያዛት፤ የቀኝ ጣቶችህን ጨብጥና በአንጓህ ተኩስ።»

ፖሊሱ ታገለ፣ አላበው። መተኮሻው በዙሪያው ባለ የብረት ቀለበት ውስጥ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል፤ አንጓው አልደረሰበትም።

«ስለዚህ ሰዓቱን ያነሳው ሟቹ አይደለም» አለች። «ደሙ ጣሪያ ሲደርስ ካሜራዋ ላይ ጠብታ የለም፤ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለችው ከሞተ በኋላ ነው። ገዳዩ ስምንት ሰዓት ገደማ ገደለው፤ ሰዓቱን ወደ አስር ገፍቶ አነሳና መልሶ አስተካከለው።»

«ልጅቷስ ብትሆን?» አለ ወንድምየው።

«ራሷን ብቻ የሚያስከስስ ፎቶ የምታነሳ ሞኝ አላየሁም። እሜቴ ደግሞ ፊልም ማስገባት አያውቁም። አስር ሰዓት ላይ መሞቱ የሚጠቅመው አርባ ምስክር ያለውን ሰው ነው። ሁሉን አሰብክ፤ እጅህ ግን እንደ ልማዱ ጉብታዋን ነቀላት። በል ኪስህን ገልብጥ!»

እጁ ወደ ሰደርያው ኪስ ሄዶ ቀዘቀዘ። ድንገት የመብራት መቆሚያውን ብረት አንስቶ ልጅቷ ላይ ዘለለ። እሷ እጆቿን ከፍ አደረገች፤ ብረቱ የካቴናውን ሰንሰለት መታ፤ አንጓዋ ተሰንጥቆ ደም ፈሰሰ። የፖሊሱ ዱላ ጉልበቱን ሰበረው። በአፍንጫው ወለሉ ላይ ሲደፋ፣ ከሰደርያው ኪስ አንዲት ቀይ ነገር ተንከባልላ ሚስትየዋ እግር ሥር ቆመች።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ወንድም ጋሼ፣ ወንድም ጋሼ ስትለው...» አለችና ፊቱ ላይ ተፋችበት።

ካቴናው ከልጅቷ እጅ ወደ እሱ እጅ ተዛወረ። ልጅቷ አንጓዋ እየደማ አዲስ ፊልም አስገባች፤ ጉብታዋን አጠበቀች። ዓይኗ በልማድ ወደ ግድግዳው ሰዓት ሄደ። ከዚያ መለስ አለችና ካሜራዋን የወንድምየው የተፈነከተ ፊት ላይ ደገነች።

«ቀና በል እንጂ! ወደዚህ እይ። ፈገግ!»

እጇን ጨብጣ በአንጓዋ ጉብታዋን ነካች።