ከማህዲ ማይክ የጠፋው ድምፅ

ይህ የሆነው ባለፈው ጥቅምት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሐይቅ ከተማ ነው። የማያምን አይመን። እኔም የጂን ወሬ የሚያወራ ሰው አልወድም።

ሥራዬ ድምፅ መቅዳት ነው። የተማርኩትም እሱኑ ነው።

የዚያን ቀን ሐይቁ ዳር ባለ አሮጌ አዳራሽ፣ አሥራ አምስት ሰው ያለበት የጃዝ ባንድ እየቀዳሁ ነበር። ሁለት ማይኮች ከባንዱ ፊት ለፊት ከፍ ብለው ሁሉንም ይሰማሉ። ከዚያ ለትራምፔቶቹ፣ ለትሮምቦኖቹ፣ ለከበሮው የየራሳቸው ማይክ አለ።

አንዱ ለማህዲ ሳክስፎን ብቻ ነው። ከመሣሪያው አፍ አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው።

ማህዲ ታናሽ ወንድሜ ነው። ዱባይ ያለ ሆቴል ሊቀጥረው ቀረጻውን እስከ ማታ ይጠብቃል። ስለዚህ ቸኩያለሁ።

አምባሰልን ጀመሩ። ማህዲ ብቻውን የሚደምቅበት ቦታ ደረሰ። የሱን ማይክ ለይቼ አዳመጥኩ።

ከበሮው ከኋላ ይሰማል። ትራምፔቱ ከጎን ይሰማል።

ማህዲ የለም...

ቀና ብዬ አየሁት። ጉንጩ ተነፍቷል። ጣቶቹ ይሮጣሉ።

ሁለቱን ከፍ ያሉ ማይኮች ከፈትኩ። ሳክስፎኑ አለ... ግን ድምፁ የሚመጣው ከበሩ አጠገብ ነው።

"አቁሙ! በር ላይ የሚነፋው ማነው?"

"ኧረ ሀውራ!" አለ ከበሮ መቺው ዝናው። "የዩኒቨርሲቲ ጆሮ ያልተነፋውንም ይሰማል ማለት ነው?"

ሁሉም ሳቁ።

ኬብሉን ቀየርኩ። ማይኩን ቀየርኩ። እንደገና ቀዳን።

አሁን ድምፁ ከበሩ ውጭ ነው።

ዝናውን ጠረጠርኩት። ውጭ ሰው አቁሞ የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። ረጅም ኬብል ስቤ ወጣሁና የሚነፋውን እንዲይዝልኝ አንድ ማይክ ሐይቁ ዳር አቆምኩ። ማንም የለም። ውሃ ብቻ።

ስመለስ ወደ ማህዲ ጠጋ አልኩ።

"አሞሃል እንዴ?"

"ወላሂ ደህና ነኝ። ደረቴ ብቻ... ቀለል አለኝ። አብሽሪ፣ ጀምሪ።"

ጀመርን።

የማህዲ ማይክ ላይ ሳክስፎን የለም። ከፍ ያሉት ሁለቱ ላይም የለም።

የሐይቁን ዳር ከፈትኩ።

እዚያ ነበር... ቅርብ፣ ጥርት ያለ። በየመሃሉ ትንፋሽ ሲስብ ይሰማል።

"ማህዲ በቃ! አትንፋ!"

ባንዱ ዝም አለ። ማህዲ ሳክስፎኑን ከአፉ አውርዶ አንድ ነገር አለኝ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

ድምፅ አልወጣውም።

"ምን አልክ? ጮክ በል እንጂ!" አለው ዝናው። አሁን አልሳቀም።

ማህዲ ደገመው።

በጆሮ ማዳመጫዬ፣ ሐይቁ ዳር ካለው ማይክ፣ የወንድሜ ድምፅ መጣ።

"ሀውራ... ተቀዳ?"

ከዚያ ውሃ የሚረግጥ እግር ተሰማኝ። ቀስ እያለ... ወደ ሐይቁ ውስጥ እየራቀ...

ማህዲ ከፊቴ ቆሞ መልሴን ይጠብቃል።