የተሸረፈው ማኅተም

ቻይናዊው ሚስተር ላው ቶሮንቶ ውስጥ ስፓዳይና መንገድ ላይ ባለችው ማኅተም መቅረጫ ሱቃቸው ውስጥ አናታቸው የጠረጴዛ ጥግ መትቶት ሞተው ተገኙ። ፖሊሱን ያስደነገጠው ግን ሬሳው አልነበረም፤ ወለሉ ነበር። ተጠርጎና ተወልውሎ ያበራል።

«ለምን ጠረግሽ?» አሉ ወይዘሮ አዲስአለም። ድሮ አዲስ አበባ የሐሰት ሰነድ መርማሪ ነበሩ፤ በዚህ በፈረንጆቹ 1993 ለቶሮንቶ ፖሊስ ያስተረጉማሉ።

የጽዳት ሠራተኛዋ ተሻለች መጥረጊያዋን አቀፈች። «እትዬ፣ ለቅሶ ደራሽ ይመጣል ብዬ ነዋ! የሞተ ሰው ቤት ተዝረክርኮ ይቆይ?»

ሲተረጎምለት ፖሊሱ ካቴናውን ዳሰሰ። በእሱ አገር ሬሳ አጠገብ የሚጠርግ ማስረጃ የሚያጠፋ ብቻ ነው።

«የጥገኝነት ጉዳዬ ሂሪንግ የዛሬ ወር ነው» አለች ተሻለች በሹክሹክታ። «ዛሬ ካሰሩኝ ዲፖርት ያደርጉኛል። አለቀልኝ!»

«ጥራጊው የታለ?»

ከቆሻሻው ፌስታል ውስጥ የሻይ ቅጠልና ጥፍር የምታክል፣ ቀይ ቀለም የነካት የድንጋይ ስባሪ ወጣች። ወይዘሮ አዲስአለም ተንበርክከው ከጠረጴዛው ሥር ሟቹ በፊርማ ፋንታ የሚጠቀሙበትን የስም ማኅተም አወጡ። ስባሪዋ ከተሸረፈው ጥግ ጋር ልክክ አለች።

በዚያው ሱቅ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳው ባልቻና የሟቹ የወንድም ልጅ ኬኒ ተጠሩ።

«እንደ አባቴ ነበሩ!» አለ ባልቻ፣ ደረቅ ዓይኑን እየጠረገ። «ዛሬ እዚህ ድርሽ አላልኩም። ሱቁን ከሦስት ሳምንት በፊት ሰጥተውኛል፤ ይኸው ማኅተማቸው።»

የስጦታ ውል ወረቀት ዘረጋ። ወይዘሮ አዲስአለም ለኬኒ አሳዩት። «የቤተሰብ ስሙ የትኛው ነው?»

«ጽሑፋችን ከቀኝ፣ ከላይ ይጀመራል» አለ ኬኒ። «ይሄ ‹ላው› ነው። አናቱ ግን ጎድሏል።»

«ቀለም ሳይዘው ቀርቶ ነው!» አለ ባልቻ። «እትዬ፣ ይዩት እንጂ፤ ድንጋዩ የተሸረፈው በግራ ነው፣ ወረቀቱ ላይ የጎደለው በቀኝ!»

«አይ ባልቻ! ቀበሌ ስትመላለስ ኖረህ ማኅተምን ከሥሩ አላየኸውም? ተገልብጦ ነው የሚቀረጸው።» ድንጋዩን ቀለም አስነክተው ባዶ ወረቀት ላይ ተጫኑት። ግራው ቀኝ ሆነ፤ ‹ላው› ያለ አናቱ ወጣ፤ ልክ እንደ ባልቻ ወረቀት።

ከዚያ የሟቹን ማስታወሻ ደብተር ገለጡ። «ሚስተር ላው በየማለዳው ስማቸውን እዚህ ያትማሉ። የዛሬውን እዩ፤ ሙሉ ነው። እንግዲህ ማኅተሙ የተሸረፈው ዛሬ፣ አብሯቸው ሲወድቅ ነው። የሦስት ሳምንቱ ወረቀትህ የዛሬን ስብራት ከየት አመጣው? ሬሳ ተሻግረህ አትመኸዋል።»

 ባልቻ ከወረቀቱ ራቅ አለ።

«እምቢ ሲሉኝ... ትንሽ ነው የገፋኋቸው።»

ካቴናው ቀጭ ሲል ተሻለች ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው እጆቿ ባዶ ነበሩ። ፖሊሱ ምስክር እንጂ ተጠርጣሪ አለመሆኗን የሚገልጽ ወረቀት ፈርሞ ሰጣት።

ተሻለች ወረቀቱን ገለበጠችው፤ መልሳ ገለበጠችው። ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየችው።

«እትዬ» አለች፣ «ማኅተም የለውም እኮ!»