የዳባቱ ሰርቨር

የሺዋስ ጽጌሬዳን መጀመሪያ ያያት በሁለት የበቅሎ ባለቤቶች መካከል ቆማ ስትጮህ ነው። ደባርቅ ላይ የቱሪስት ጓዝ የሚጭኑ በቅሎዎች ወደ ተራራው የሚወጡት በተራ ነው፤ ተራውን መዝግባ የምትጠራው ደግሞ የማኅበሩ ጸሐፊ ጽጌሬዳ ናት። የሺዋስ ከጎንደር በኮምፒዩተር ሳይንስ ተመርቆ የመጣ ሰሞን ነበር። ዝናብ አባርሮት ቢሮዋ በር ላይ ተጠልሎ ሳለ አፉን መያዝ አቃተው።

«ይሄ እኮ በኮምፒዩተር ሊሠራ ይችላል» አላት።

«ኮምፒዩተሩ ከአያ ቢራራ ጋር ይጨቃጨቃል?» አለችው አንደኛውን ባለበቅሎ እያመለከተች።

«አይጨቃጨቅም።»

«እንግዲያው ሥራውን አይችለውም» አለችና ሳቀች።

በዚያች ሳቅ አለቀለት። አስጎብኚዎች ካሉበት ሆነው በኢንተርኔት በቅሎ የሚይዙበት፣ ባለተራው ተራራው ላይ ጊች መንደር ሆኖ በስልኩ መልእክት የሚደርሰው ሲስተም ልሥራላችሁ ብሎ ማኅበሩን አሳመነ። ስድስት ወር ፈጀበት። እውነቱን እንናገር ካልን ሦስት ወር ይበቃው ነበር፤ የቀረውን ያረዘመው «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» እያለ ለመመላለስ ነው። እሷም ገብቷት ነበር። መልሱን ታውቀው የነበረውን ጥያቄ እንኳ «ነገ ና፣ አስቤ እነግርሃለሁ» ትለው ጀመር።

ሲስተሙ ሲያልቅ የቀረው ማደሪያውን መምረጥ ሆነ። እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ቢሮ ውስጥ ባለች አንዲት ኮምፒዩተር አይሠራም፤ ሲስተሙን የሚሸከመውን ማሽን፣ ሰርቨሩን፣ ሌት ተቀን የሚያንቀሳቅስ፣ መረጃውንም የሚጠብቅ ድርጅት ያስፈልገዋል። ሁለት አማራጭ ቀረበ። አንደኛው የአዲስ አበባ ድርጅት ነው። የመረጃውን ቅጂ በየቀኑ ወስዶ ሌላ ከተማ እንደሚያስቀምጥ በጽሑፍ አስረዳ። ሁለተኛው ዳባት ላይ ሰርቨር የተከለው ቴዎፍሎስ ነበር። የቴዎፍሎስ አባት መርጌታ ወልደ ሩፋኤል የየሺዋስ የክርስትና አባት ናቸው፤ ፊደል ያስቆጠሩትም እሳቸው ናቸው።

የማኅበሩ ሽማግሌዎች ስለ አዲስ አበባው ድርጅት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። «የማን ልጆች ናቸው?» የሺዋስ አያውቅም። ስለ ቴዎፍሎስ ግን እስከ ሰባት ቤት ቆጠረላቸው፤ ነገሩ እዚያው አለቀ።

ጽጌሬዳ ግን ሰርቨሩን ካላየሁ አለች። አብረው ዳባት ሄዱ። ሰርቨር የተባለው በመርጌታ ግቢ፣ ከዋናው ቤት ጎን ባለች ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ ማሽን ነው።

«የመረጃው ቅጂ የት ነው የሚቀመጠው?» አለችው ቴዎፍሎስን።

«እዚሁ።»

«ይሄ ማሽን ቢበላሽስ?»

ቴዎፍሎስ እሷን ትቶ ወደ የሺዋስ ዞረ። «ምነው ወንድሜ፣ ቤተሰብም እንዲህ ይመረመራል እንዴ?»

የሺዋስ ፊቱ ጋለ። ጥያቄዋ ትክክል እንደሆነ ያውቃል። ባዕድ ሰው ቢሆን ራሱ ይጠይቀው ነበር። ግን ከግድግዳው ማዶ የኔታ ወልደ ሩፋኤል ተቀምጠዋል፤ እንግዶቼን ሳልመርቅ እንዳትሸኙብኝ ብለዋል። ይሉኝታ ያዘው።

«ተይው ጽጌ፣ አታሳፍሪኝ። የኛ ሰው ነው» አላት።

 በሚኒባስ ሲመለሱ ወቅን ከተማ እስኪደርሱ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ቆየች። ከዚያ «ያሳፈርኩህ እኔ ነኝ?» አለችው። እጇን ያዘ። እጇን አልነጠቀችውም፤ እሱ ሞኙ ይህን እንደ ስምምነት ቆጥሮ ደባርቅ እስኪገባ ድረስ ደስ ብሎት ሄደ።

ሲስተሙ ቴዎፍሎስ ዘንድ ገብቶ ሥራ ጀመረ፤ የወረቀቱ መዝገብ ቀረ። ጥቅምት ላይ፣ ቱሪስቱ በበዛበት ሳምንት፣ ቴዎፍሎስ ማለዳ ደወለ። የኤሌክትሪኩ ኃይል ድንገት ጨምሮ ማሽኑ ተቃጥሏል።

«ቅጂውስ?» አለ የሺዋስ፣ መልሱን እያወቀ።

«እዚያው ማሽን ላይ ነበር» አለ ቴዎፍሎስ።

ረፋድ ላይ የማኅበሩ ግቢ በበቅሎና በሰው ተሞላ። አያ ቢራራ ተራህ ደርሷል ተብለው ከጊች በቅሏቸውን እየነዱ መጥተዋል፤ ሌላው ተራው የኔ ነው ይላል፤ የሚዳኝ መዝገብ የለም። ከመሃል አንዱ «ልጅቱ ለዘመዶቿ ተራ ሰጥታ፣ እንዳይታወቅባት መዝገቡን አጥፍታ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሌሎችም ተቀበሉት።

ሊቀ መንበሩ አቶ ሀብተ ሚካኤል ወደ የሺዋስ ዞሩ። «አዋቂው አንተ ነህ። ጥፋቱ የማን ነው?»

ጽጌሬዳ አየችው። ዓይኗ አልለመነውም፤ ይናገራል ብላ ነበር የምትጠብቀው።

እውነቱን ቢናገር የመርጌታ ቤት ስም ይነሣል፤ የሱም ይነሣል። ጫማውን ተመለከተና «እ... እየተጣራ ነው» አለ።

እየተጣራ ነው! ከዚያ ወዲህ ይህን ቃል በሬዲዮ በሰማ ቁጥር ይሸማቀቃል። ጽጌሬዳ የቢሮውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ሦስት ቀን ዋናውን መንገድ እየሸሸ በጓሮ ተመላለሰ። ደወለላት፤ አላነሳችም። በአራተኛው ቀን ዳባት ወርዶ የኔታ ፊት ቆመ።

«ቴዎፍሎስ ያበላሸውን ነግሮኛል፤ የሱን ለብቻው እንነጋገራለን» አሉት። «አንተስ ምን አበላሸህ?»

ነገራቸው። ሲጨርስ «እርስዎን ላለማሳፈር ብዬ ነው፣ የኔታ» አለ።

«እፈርልኝ ብዬ መቼ ላክሁብህ? እኔን ተከልለህ የሰው ልጅ ስም አስጎደፍህ። ክርስትና ያነሣሁህ ለዚህ ነው?» ወደ በሩ አመለከቱት። «አባቶችህ የበደሉትን ሰው እንዴት ይቅር በለኝ እንደሚሉ አይተህ አድገሃል። እንግዲህ ሂድ።»

አይቶ አድጓል። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ ፊት ይቆማል፤ ይቅር የተባለ እንደሆነ ተበዳዩ ያወርድለታል። የገጠር ሽማግሌዎች ሲያደርጉት እንጂ፣ ጂንስ የለበሰ ምሩቅ ሲያደርገው ግን ደባርቅ ውስጥ ማንም አላየም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ ጽጌሬዳን አስጠርቶ ለማሰናበት በግቢው ተሰብስቦ ነበር። የሺዋስ ድንጋዩን ትከሻው ላይ አድርጎ ከመናኸሪያው ጀምሮ በዋናው መንገድ መጣ። «ዩኒቨርሲቲ ያስተማረህ ይሄንን ነው?» ያለውም፣ በስልኩ ፎቶ ያነሣውም አለ። እፍረት የሚገድል ቢሆን ኖሮ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀር ነበር።

ሽማግሌዎቹን አልፎ እሷ ፊት ቆመ።

«ማሽኑ ቢበላሽስ ብላ ጠይቃ ነበር» አለ። «አፏን ያስያዝኳት እኔ ነኝ። የክርስትና አባቴን ልጅ መጠየቅ አፍሬ ነው። ባለፈው እየተጣራ ነው ያልኩትም ውሸት ነው፤ የሚጣራ ነገር አልነበረም። ጽጌ፣ አዋርጄሻለሁ፤ ይቅር በይኝ።»

 አያ ቢራራ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «አውርጂለት እንግዲህ ልጄ፣ ይብቃው» አሉ።

«ይቁም» አለች። «እኔም ብቻዬን ቆሜ ነበር።»

ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታው ወደ በቅሎ ባለቤቶቹ ዞረች። «መጨረሻ የጫነው ማን ነው? እዚህ ይቁም። ከሱ በፊት ማን እንደነበር የሚያውቅ ኋላው ይሰለፍ። አንዱ ላንዱ ይመስክር!» ተጨቃጨቁ፣ ተማማሉ፣ ተሳሳቁ፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ግቢውን የዞረ ሰልፍ ሆኑ። እሷም አንድ በአንድ መዘገበቻቸው፤ ስለ ማሰናበቷ ዳግመኛ ያነሣ ሰው አልነበረም። የሺዋስ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ ድንጋዩን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ትከሻው እያደረገ ቆሟል።

የመጨረሻውን ስም ጽፋ ስትጨርስ መጣች። ድንጋዩን በሁለት እጇ አወረደችለት። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ፤ እኔም ይቅር ብዬሃለሁ» አለች ለሰው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ማመኑ ግን ገና ነው» አለችው።

«ምን ያህል ይፈጃል?»

«እኔ እንጃ። ነገ ጠዋት ና። የአዲስ አበባዎቹ ጋ እንደውላለን፤ እኔ እጠይቃለሁ፣ አንተ ታዳምጣለህ።»

በማግስቱ መጣ። ከዚያም ወዲያ ሁለት ዓመት በየቀኑ መጣ።

በሦስተኛው ዓመት ጥር ላይ መርጌታ ወልደ ሩፋኤል ሽማግሌዎች አስከትለው ወደ ጽጌሬዳ ቤት ለጋብቻ ተላኩ። አባቷ «ልጁ የሚታመን ነው?» ብለው ጠየቁ። መርጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«እኔ የክርስትና አባቱ ነኝና የኔ ምስክርነት አይበቃም» አሉ። «ልጅቱን ይጠይቋት።»

ተጠየቀች። «አዎ፣ አምነዋለሁ» አለች።

ይህንን ለየሺዋስ ሲነግሩት፣ ከደስታው በፊት እፍረቱ ቀደመውና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ።