አራት ጣት ከፍታ

በሃምሳዎቹ ዓመታት ከአንኮበር ደብረ ብርሃን የሚመላለስ መኪና ጥቂት ነበር። ከነዚያ ጥቂቶች አንዷ የገብረአብ ፒካፕ ናት። ከኋላ ገብስና ስንዴ ትጭናለች፤ ጋቢናዋ ውስጥ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ዓይነ ስውሩ መሪጌታ ወልደተንሣኤና ልጃቸው ወለተሐና ይሳፈራሉ። መሪጌታ ደብረ ብርሃን ሄደው ለካህናቱ ዜማ ያስተምራሉ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይመለሳሉ። ልጃቸው መሪያቸው ናት።

መሪጌታ ከሾፌሩና ከልጃቸው መካከል ይቀመጣሉ። ገብረአብ ስለ ዝናቡ ይጠይቃቸዋል፣ ስለ ዘንድሮ ማሳ ያወራቸዋል። የሚያወራው ለልጅቷ ነው፤ የሚመልሱት ግን ምስኪኑ አባት ናቸው። መንገዱ ቀጥ ሲል እሱ ዞር ይላል፤ እሷም በአባቷ ጥምጥም ላይ አሻግራ ታየዋለች። ወለተሐና በእነዚያ ዓይኖች ከተያዘች ቆይታለች።

ፒካፗ አንድ ችግር ነበረባት። እህል ሲጫንባት ኋላዋ ዝቅ ይልና ሆዷ ከድንጋይ ጋር ይላተማል። አንድ እሑድ ወንዝ መሻገሪያው ላይ ድንጋይ ያዛትና መሪጌታ ነጭ ልብሳቸውን ሰብስበው ጭቃ ውስጥ ለመሄድ ተገደዱ። ገብረአብ በሀፍረት የሚገባበት ጠፋው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ደብረ ብርሃን እንደደረሱ መኪናዋን ወደ ዓወል ጋራዥ ወሰዳት። ወለተሐና አባቷን ቤተ ክርስቲያን አድርሳ፣ አክስቷ ቤት መዋል ሲገባት፣ ገበያ ደርሼ ልምጣ ብላ ከአክስቷ ቤት ወጣች። ገበያ አልሄደችም። ጋራዡ በር ላይ ገብረአብን ስታገኘው ሁለቱም ያጋጣሚ አስመሰሉት።

ዓወል የአልዩ አምባ ሰው ነው፤ የገብረአብ የቆየ ወዳጅ። ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነገሩን አስረዳቸው።

«ሁለት ጣት ከፍ ብትል ይበቃታል። ጭነቱን በሚሸከሙት የባሌስትራ ብረቶች ላይ አንድ እጨምራለሁ፣ ከድንጋዩ ትተርፋለች። አራት ጣትም ማድረግ እችላለሁ፤ ግን መታጠፊያ ላይ ትወዛወዛለች፣ ለሚሳፈረውም ሰው አይመችም።»

ገብረአብ ወደ ወለተሐና ዞረ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ነገር ጠይቋት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ስለ ባሌስትራ የምታውቀው አንድም ነገር የለም፤ መጠየቋ ብቻ ልቧን ሞላው። ሁለት ጣት ለእንዲህ ያለው ደስታ አነሰባት።

«አራት ይሁን» አለች።

ዓወል ሊከራከር አፉን ከፈተና ሁለቱን ሲያይ ተወው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፒካፗ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመች። መሪጌታ እንደ ልማዳቸው በግራ እጃቸው በሩን ይዘው ቀኝ እግራቸውን አነሱ። ሲሳፈሩ ደግፉኝ አይሉም፤ ወለተሐና ግን ሁልጊዜ እጇን ከጀርባቸው ትዘረጋለች። ያን ዕለት ገብረአብ ከሞተሩ ወዲያ ማዶ ቆሞ፣ ምን ያህል ከፍ እንዳለች በመዳፉ እየለካ በምልክት ያሳያታል። እሷም ሳቋን ለማፈን እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

የመሪጌታ እግር ከብረቱ ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ወደ ኋላ ወደቁ።

መሬት ላይ እንዳሉ መጀመሪያ የተናገሩት «እግሬን ምን ነካው?» የሚል ነበር። አንዳቸውም አልመለሱላቸውም። መኪናዋ ከፍ ብላ ነው ቢሉ፣ ማን ከፍ አደረጋት፣ መቼ፣ አንቺስ የት ነበርሽ የሚለው ይከተላል።

የወለቀውን ቁርጭምጭሚት ወጌሻ መለሰው። እግሩ ቀስ በቀስ ዳነ፤ መሪጌታ ግን አልዳኑም። ደጃፉን፣ ደረጃውን፣ የደብሩን ድንጋይ ሁሉ በእግራቸው የሚያውቁት ሰው፣ አሁን የገዛ ቤታቸውን ወለል በዱላ መዳበስ ጀመሩ። ሊጠይቃቸው ለመጣው ሁሉ አረጀሁ እያሉ ይስቃሉ። አንድ ማለዳ ወለተሐና ውኃ ቀድታ ስትመለስ ብቻቸውን አገኘቻቸው። እግራቸውን መደቡ ላይ ያወጣሉ፣ ይዳብሱታል፣ ያወርዱታል፣ እንደገና ያወጣሉ። ከበሩ ኋላ ቆማ እንስራዋን ማውረድ እንኳ ረሳች። አባቷን ከገዛ አካላቸው ጋር ያጣላቻቸው እሷ መሆኗን ያውቅ የነበረው ልቧ ያን ማለዳ አላስቀምጥ አላት።

ገብረአብ ስኳር ይዞ ሊጠይቃቸው ሲመጣ አጥሩ ጥግ ያዘችው። እንንገራቸው አለችው። እሱ ግን መፍትሔ ያገኘ መስሎታል፤ ዓወል ጋ ወስዶ መኪናዋን ወደ ቀድሞ ከፍታዋ አስመልሷታል።

«ከእንግዲህ አይወድቁም» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ማንም አያውቅብንም።»

እግዚአብሔር ይቅር ይበላትና፣ ወለተሐና ያን ስትሰማ ቀለል አላት።

እፎይታዋ ግን ብዙም አልቆየላትም። መሪጌታ መኪናዋ ደጅ መቆሟን ሰምተው ኖሮ ምሩኝ አሉ። ደርሰው በሩን አስከፈቱ፤ የጋቢናውን ወለል በመዳፋቸው ዳብሰው ከጉልበታቸው ጋር ለኩት። እንደገና ለኩት።

«ያው ናት» አሉ። «እኔ እኮ ያን ዕለት ሌላ መስላኝ ነበር። ሰው ሲያረጅ ጥፋቱን በዕቃ ማላከክ ይጀምራል።» ከዚያ ወደ ገብረአብ ድምፅ ዞሩ። «ልጄ፣ ለደብረ ብርሃን ካህናት አንድ መልእክት አድርስልኝ። ሌላ መምህር ይፈልጉ። በእግሩ የማይተማመን ሰው ማሕሌት አይቆምም።»

የሚኖሩት ለዚያ ማሕሌት ነበር። ገብረአብ መሬት መሬት ያያል።

«አባባ» አለች ወለተሐና፣ «እግርዎ ምንም አላጠፋም።»

ከጀመረች በኋላ ማቆም አልቻለችም። ጋራዡን ነገረቻቸው፣ አክስቷን መዋሸቷን፣ አራት ጣት ይሁን ያለችው እሷ መሆኗን። «እጅሽስ የት ነበር ቢሉኝ፣ እሱን እያየሁ ስስቅ አፌ ላይ ነበር» አለች።

ገብረአብ ተንበረከከ። «መልሼ ዝቅ ያደረግኳት እኔ ነኝ፣ የኔታ። እንዳይታወቅብኝ ብዬ ነው።»

ወለተሐና እርግማን ትጠብቃለች።

«እግሬ አልከዳኝም?» አሉ መሪጌታ።

«አልከዳዎትም፣ አባባ።»

«መኪናዋ ናት?»

«መኪናዋ ናት።»

መሪጌታ ቀኝ እግራቸውን አንስተው መሬቱን መቱት። ፊታቸው በራ። ሳቁ፤ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ሳቁ። ወለተሐና እርግማኑን ትችለው ነበር፣ ይህን ሳቅ ግን መቻል አቃታት። ገብረአብ ይቅር ይበሉን ሊል ሲጀምር እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት።

«ነገ እቆጣለሁ» አሉ። «ክፉኛ ነው የምቆጣው። ዛሬ ግን ደስ ብሎኛል፤ ተዉኝ።»

እንዳሉትም በማግስቱ ተቆጡ። ገብረአብ ደጃቸውን እንዳይረግጥ ከለከሉት፤ ልጃቸውንም ረጅም ጊዜ በአጭር መልስ ብቻ አኖሯት። ሁዳዴ አልፎ ገብረአብ ሽማግሌ ሲልክ ግን አልመለሱትም። ሌላ ቢመጣ ደግሞ ምን ደብቆኝ እንደመጣ በምን አውቃለሁ፣ የዚህን አውቄዋለሁ አሏቸው።

በሠርጉ ዕለት ካህናቱ በሙሽሮቹ ፊት ወረብ ወረቡ። መሪጌታ ከመካከላቸው ሆነው፣ ያንን እግር እያነሱና እየጣሉ፣ ማንንም ሳይደገፉ ዘመሩ። ሰው ሁሉ እልል አለ። ወለተሐና ከገብረአብ ጎን ተቀምጣ የአባቷን እግር እያየች ታለቅስ ነበር። ሙሽራ ማልቀሷ ወግ ነውና ምን ሆንሽ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም።