ባለ ሦስት እግሩ ሰውዬ

ሐሙስ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በሕንፃው ሦስተኛ ፎቅ፣ በፎቶ አንሺው የሥራ ክፍል ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ፤ የፎቶ አንሺው ሚስት፣ ታናሽ ወንድሙ፣ «እጀ ብረት» የሚባለው ተማሪውና ራሱ ፎቶ አንሺው። ሦስቱ ቆመዋል። አራተኛው ጠረጴዛው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ሞቷል።

የተመታበት ነገር አጠገቡ ወድቋል። የታተመ ፎቶ እንዳይጠቀለል የሚጫንበት የብረት ክብደት ነው። ከታች ያለችው ጎረቤት ከባድ ነገር ሲወድቅ የሰማችው ልክ የአንድ ሰዓት ተኩሉ ዜና ሲጀምር ነበር።

ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ ሦስቱ ሐዘንተኞች በአንድ ነገር ተስማሙ። ገዳዩ አባ እንቅልፉ ነው።

አባ እንቅልፉ የሕንፃው ዘበኛ ነው። ስሙን ያወጣለት ሟቹ ነበር። ከሁለት ወር በፊት አንድ ምሽት በእግር ጣቱ እየተራመደ መጣና ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ሳለ አነሳው። ፎቶውን ግድግዳ የሚያህል አድርጎ ኤግዚቢሽን ላይ ሰቀለው። የተማሩ ሰዎች መጠጥ በእጃቸው ይዘው እያዩ ሳቁ። የሕንፃው አስተዳዳሪም አየና ለዘበኛው የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ጻፈለት። ሽማግሌው በሰው ፊት «ፎቶውን አውርድ፣ አለበለዚያ አንተን አወርድሃለሁ» ብሎ ነበር። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር አሁን እስር ቤት አስገባው።

ሟቹ «በእጅ ብቻ» የሚባል ማኅበር መሥራች ነው። አባሎቹ ሲመሽ ወጥተው ጎዳናውን ያነሳሉ፤ ካሜራው ከእጅ በቀር በምንም አይደገፍም። ትራይፖድ፣ ማለት ያ ባለ ሦስት እግሩ የካሜራ መቆሚያ፣ በእነሱ ዘንድ የሰነፍ ምርኩዝ ነው። ግድግዳ ተደግፎ ያነሳ አባል ይባረራል። ብርድ ላይ የተኛ ሰው ሲያገኙ አንድም ቀን አልብሰውት አያውቁም። ላዩ ላይ ጎንበስ ብለው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ እጃቸው እንዳይንቀጠቀጥ።

አርብ ጠዋት ነገሩ ለመርማሪዋ ተሰጠ። አጭር፣ ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። አለቃዋ በስልክ፣

«ዘበኛውን ይዘነዋል፤ ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል» አላት። «አንቺ ወረቀቱን ብቻ አሟይልኝ።»

«እሱ ነው ያለው ማነው?»

«ሟቹ ራሱ! ትናንት ቀን ላይ ለሚስቱ ‹ዛሬ ማታ የአንዱን ሰውዬ ሦስት እግር እሰብራለሁ› ብሏታል። ዘበኛው በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ሁለት እግር፣ አንድ ምርኩዝ። መደመር ትችያለሽ መቼም?»

«እስከ ሦስት እችላለሁ ጌታዬ» አለችና ስልኩን ዘጋች።

በመጀመሪያ የሄደችው ወደ እስረኛው ነው። ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። እንዳያንቀላፋ የሚጠነቀቅ ይመስላል።

«አባባ፣ ትናንት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበሩ?»

«በሩ ላይ ነዋ ልጄ። በዚህ ጉልበቴ ሦስተኛ ፎቅ ልውጣ ብል፣ ዜናው ተጀምሮ ያልቃል።»

«በዋናው በር ማን ገባ?»

«ማንም። አልገባም በማለቴ እኮ ነው የያዙኝ። ገባ ብዬ ብዋሽ ኖሮ ቤቴ ነበርኩ። የኋላው ደረጃ ግን በመንገዱ በኩል በር አለው። ቁልፉ ያላቸው ሦስቱ ናቸው፤ ሚስትየው፣ ወንድምየውና ያ ተማሪ።»

«ፎቶው ላይ ተኝተው ነበር?»

ሽማግሌው ጉልበቱን አሻሸ።

«ዓይኔን ጨፈንኩ። ሠላሳ ዓመት የነቃሁትን ማንም አላነሳውም፤ እሱ ያቺን አንዷን አድብቶ ሰቀላት። አሁን ደግሞ ነገ ዳኛ ፊት ነፍሰ ገዳይ ሊሉኝ ነው። የልጅ ልጆቼ ትልልቆች ናቸው ልጄ፤ ይሰማሉ።»

መርማሪዋ የሟቹን ሚስት ያገኘቻት ሻንጣ ስታዘጋጅ ነው።

«ወዴት ነው?»

«ወደ እህቴ። እዚህ ቤት ግድግዳው ሁሉ እሱን ነው የሚያየው።»

«ትናንት አንድ ሰዓት ተኩል ላይስ?»

«በእግሬ ስዞር ነበር።»

«ከማን ጋር?»

«ከራሴ ጋር። ከባሌ የተሻለች ጓደኛ ናት።» ሻንጣውን ዘጋችው። «ቀን ላይ አጉሊ መነጽሩን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ይስቅ ነበር። እሱ የሚስቀው የሚያዋርደው ሰው ሲያገኝ ብቻ ነው። ከዚያ ያንን የሦስት እግሩን ነገር ተናገረ፤ ስልክ ደወለና ‹ዛሬ ማታ ሁሉም ይየው› ብሎ ዘጋ።»

«ለዘበኛው ይሆን የደወለው?»

ሴትዮዋ መርማሪዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ባሌ ለዘበኛ ስልክ አይደውልም። በመስኮት ይጮህበታል እንጂ።»

ታናሽ ወንድሙ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ፎቶ ቤት አለው። የማኅበሩን ፎቶዎች ሁሉ የሚያትመው እሱ ነው።

«በዚያ ሰዓት የት ነበርክ?»

«ጨለማ ክፍል፣ ፊልም ሳጥብ።»

«ማን አየህ?»

«ጨለማ ክፍል እኮ ነው እትዬ!»

«ሟቹ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ቀይ ነበሩ። ጠረጴዛው ላይም ቀይ እርሳስ ነበር። ቀይ የተነካ ወረቀት ግን አላገኘሁም።»

ወንድምየው ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ደስ የሚል አልነበረም። «ቀይ ለሚንቀው ፎቶ ነው። ጥፋቱን ያከብበታል። የወደደውን ዝም ይለዋል። የእኔን ፎቶ ከልጅነታችን ጀምሮ በቀይ አጥለቅልቆታል፤ ለዚህ ነው አታሚ የሆንኩት።»

«ትናንት ምን ሰጠኸው?»

«ለማኅበሩ የዓመት መጽሐፍ የተመረጡትን የእጀ ብረትን ፎቶዎች። አሥራ ሁለት ናቸው።»

«ጠረጴዛው ላይ ያሉት ስምንት ናቸው።»

«አሥራ ሁለት ነው ያልኩት እትዬ።»

እጀ ብረት አርባ ዓመት አልፎታል፤ የቆዳ ጃኬት ለብሷል፤ ሳይጠየቅ ካሜራውን አወጣ።

«ይቅርታ፣ ፎቶ ይገባሻል?» አላት። ገና አፉን ሲከፍት «አንቺ» ነው ያላት።

«እርስዎ ካስረዱኝ።»

«እኔ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ እስከ ሁለት ድረስ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ነበርኩ። ይኸው ማስረጃው። አንድ ከአሥር፣ አንድ ከሃያ፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለሁለት ሃያ ጉዳይ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ያለውን አውቶቡስ ሾፌሩን ጠይቂው።»

ይህንኑ ትናንት ማታ ለፖሊስ አሳይቶ ስለነበር፣ ሾፌሩን ቀድማ ጠይቃው ነበር። የካሜራውንም ሰዓት አስመርምራለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። እንደ መስታወት የጠራ ማስረጃ ነው፤ የሌሎቹ ሁለቱ ማስረጃ ደግሞ ከወረቀት የሳሳ። መርማሪዋ መነጽሯን አድርጋ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየች።

«እነዚህ መንገደኞች ለምን ጭስ መሰሉ?»

«ካሜራው ግማሽ ሴኮንድ ዓይኑን ከፍቶ ስለቆየ ነዋ! የሚራመድ ሰው በግማሽ ሴኮንድ ውስጥ ይፈሳል።»

«የመንገዱ መብራቶች ግን አልፈሰሱም። እንደ መርፌ ጫፍ ናቸው።»

«መብራት አይራመድም፣ እህቴ።»

«እጅስ?»

«ቅጽል ስሜን አልነገሩሽም?»

«ምናልባት ግድግዳ ተደግፈው ይሆን?»

«ግድግዳ የሚደገፍ ሰካራም ነው።»

«ወይም ካሜራውን መኪናዎ ላይ አስቀምጠውት?»

ሰውዬው ፊቱ ቀላ። «አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ማኅበር ኖሬ፣ ለእኔ ነው እንዲህ የሚባለው?»

«ትንሽ እንኳ? ክርንዎን አጥር ላይ?»

«ስሚኝ፤ አራቱንም በእጄ፣ ቆሜ፣ ትንፋሼን ይዤ ነው ያነሳሁት። ደግሞም አንድ ቦታ አልቆምኩም፤ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ነው። መንገድ ላይ ተተክሎ የሚቀር ምሰሶ ነው። ጻፊው!»

ጻፈችው። አስፈረመችውም። ፊርማው ላይ ብዙ ጭራ አበጀበት።

አርብ ምሽት፣ የመንገዱ መብራቶች እንደበሩ፣ ሁሉም በሟቹ የሥራ ክፍል ተሰበሰቡ። አለቃዋም መጣ፤ ስትዋረድ ለማየት እንጂ ሌላ ጉዳይ አልነበረውም። ወንበሩን ወደ ኋላ አዙሮ ተቀመጠና ደረቱን በመደገፊያው ላይ አስደገፈ።

መርማሪዋ የክፍሉን መብራት አጠፋች። «እያንዳንዳችሁ መስኮቱ ፊት ለፊት ቆማችሁ፣ ምንም ሳትደገፉ፣ የመንገዱን መብራቶች በግማሽ ሴኮንድ አንሱልኝ።»

«ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?» አለ አለቃዋ።

ሚስትየው ካሜራውን የሞተ አይጥ እንደያዘች አድርጋ ያዘችው። በእሷ ፎቶ ላይ እያንዳንዱ መብራት ትል መሰለ። በወንድምየው ፎቶ ላይ እያንዳንዱ ማጭድ ሆነ። እጀ ብረት እግሩን ከፈት አድርጎ ቆመ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ ተጫነ። መብራቶቹ ከሌሎቹ በጣም ያነሰ ነገር ጻፉ፤ ግን ጻፉ። እያንዳንዳቸው ትንሽ ጭራ አወጡ። ደገመ። ሠለሰ። አሥር ጊዜ አነሳ፤ አሥሩም ላይ ጭራ አለ።

«ሐዘን ላይ ነኝ» አለ።

«ሐዘንዎ ይገባኛል» አለች መርማሪዋ። መብራቱን አበራች። «ጥሩ እጅ ነው። ግን የሰው እጅ ነው። ሰው ደም አለው፣ ልብ ይመታል፤ ካሜራው ትንሽም ቢሆን ይነቃነቃል፣ መብራቶቹም ሁሉ ያንኑ ንቅናቄ ይጽፋሉ። የትናንቶቹ አራት ፎቶዎች ላይ ጭራ የለም። ስለዚህ ያን ሰዓት ካሜራውን የያዘ እጅ አልነበረም።»

«ታዲያ አስደግፌው ነበር!» አለ እጀ ብረት ፈጥኖ። «መኪናው ላይ። ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ዛሬ ቀን ስጠይቅዎ ይህን ቢሉኝ ኖሮ ምንም ልል አልችልም ነበር። ሦስት ጊዜ በሩን ከፈትኩልዎ፤ ግድግዳ አልኩ፣ መኪና አልኩ፣ ክርን አልኩ። ሦስቱንም ጊዜ በኩራት ዘጉት። በነፍስ ግድያ ከመጠርጠር ይልቅ ካሜራ አስደገፈ መባልን ፈሩ። እንዲህ ያለ ፍርሃት ዓይቼ አላውቅም።»

ሚስትየው አንድ ጊዜ ሳቀች።

«ሁለተኛ» ቀጠለች መርማሪዋ፣ «ወዲያ ወዲህ እያልኩ ነው ብለው ፈርመዋል። በአራቱም ፎቶ ላይ ግን ማቆሚያው ግድግዳ ላይ ያለው ስንጥቅ ከፎቶው ጥግ ያለው ርቀት አንድ ነው፤ በማስመሪያ ለካሁት። ደግሞም ልክ በየአሥር ደቂቃው ነው የተነሱት። ካሜራው በተቆለፈ መኪና ዳሽቦርድ ላይ፣ በራሱ እንዲያነሳ ታዝዞ ተቀምጦ ነበር። ከማቆሚያው እስከ ኋላው ደረጃ አራት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሄጄበታለሁ። ቁልፍ አለዎት።»

«ለምን ይገድለዋል ታዲያ?» አለ አለቃዋ። «ሟቹ የዛተው በባለ ሦስት እግሩ ሰውዬ ላይ ነው። ምርኩዝ ያለው ማነው?»

«ጌታዬ፣ በዚህ ማኅበር ቋንቋ ሦስት እግር ያለው ምርኩዝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ትራይፖድ ነው።»

ወንድምየው ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«ሟቹ ትናንት እነዚያን አሥራ ሁለት ፎቶዎች በአጉሊ መነጽር አየ። አራቱ ላይ እኔ ዛሬ ያየሁትን አየ፤ ጭራ የሌላቸው መብራቶች። በቀይ አከበባቸው፣ ሳቀ፣ ደወለ። ስልኩን አየሁት፤ የደወለው ለእጀ ብረት ነው። ማታ በሁሉም ፊት ሊያዋርደው ነበር። ከማኅበሩ መባረር፣ ከመጽሐፉ መውጣት። እጀ ብረት ግማሽ ቀን ነበረው፤ ማስረጃውን አዘጋጀ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በኋላ በር ገብቶ ሟቹን ከጀርባው መታው፤ አራቱን ፎቶዎች ይዞ ወጣ።»

«የታሉ ታዲያ?» አለ እጀ ብረት። «አቃጥላቸዋለሁ እንጂ አስቀምጣቸዋለሁ?»

«ሌላ ሰው ቢሆን ያቃጥላቸው ነበር» አለች መርማሪዋ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም «አንተ» አለችው። «አንተ ግን የራስህን ፎቶ አታቃጥልም።»

በሩ ተንኳኳ። አንድ ፖሊስ ገብቶ ቡናማ ፖስታ ሰጣት። ከእጀ ብረት መኪና የኋላ መቀመጫ ምንጣፍ ሥር ያገኙት ነው። አራቱን ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። በእያንዳንዱ መብራት ዙሪያ ቀይ ክብ አለ፤ በአንደኛው ግርጌ ሟቹ በራሱ እጅ «ምርኩዝ!» ብሎ ጽፏል።

እጀ ብረት ፎቶዎቹን ብዙ አያቸው።

«ቆንጆዎች ናቸው እኮ» አለ። «በእጅ ይሁን በሌላ፣ ቆንጆዎች ናቸው። እሱ ቆንጆነታቸውን አንድ ቃል አልተናገረም።»

አለቃዋ ወንበሩን መልሶ ወደ ቦታው አዞረና ኮፍያውን ፈለገ።

እጀ ብረት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ በቁጥጥር ሥር ዋለ። ዘበኛው ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ተፈታ። ሕንፃው በቦታው ሌላ ሰው ቀጥሮ ስለነበር ወደ ልጁ ቤት ሄደ።