የውሃው ዳር ቆጠራ

እኔ ሣር ቆጣሪ ነኝ። እናቴ ይህን ለሰው መናገር ስለሚያሳፍራት ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ቢሮ ነው የምትሠራው» ትላለች። ቢሮዬ ግን በየጎኑ አንድ ሜትር የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት ነው። ግጦሽ መሬቱ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ከዚያ ተንበርክኬ በውስጡ ስንት ዓይነት ዕፅዋት እንዳለ እቆጥራለሁ።

እሱንም ያገኘሁት ተንበርክኬ ነው። ጥላ ሲያርፍብኝ ቀና ብል አንዲት ቀይ ላም ገና ቆጥሬ ያልጨረስኩትን እየበላች ነው። ከኋላዋ አንድ ረጅም ወጣት ቆሟል።

«ምን ጠፋብሽ እህቴ? ላፋልግሽ?»

«ምንም አልጠፋብኝም። እየቆጠርኩ ነው። ላምህ ግን ሥራዬን እየበላችብኝ ነው።»

«ምኑን ነው የምትቆጥሪው?»

«ሣሩን።»

ሳቁን ዋጥ አደረገ። «በይ እሷም እየቆጠረች ነው። ስትጨርስ ጠይቂያት» አለና ላሟን ገፋ አደረጋት። የእኔ ሳቅ ግን አመለጠኝ።

ሰዉ «ቆቅ» ነው የሚለው። ከሰማንያው የአባቱ ከብት አንዱ ቢጎድል ዞር ብሎ ሳያይ ያውቃል። ከዚያ ቀን ወዲህ መንጋው ምን እንደነካው እንጃ፣ እኔ ባለሁበት በኩል ሆነ መንገዱ። ቆቅ አጠገቤ ቁጢጥ ይልና ያስተምረኛል። «ይቺ ወተት ታበዛለች። ያቺን ደግሞ በጤዛ ከበሏት ሆዳቸው ይነፋል።» እኔ የመጽሐፍ ስማቸውን ነበር የማውቀው፤ እሱ ግን ጠባያቸውን ያውቃል። በዓመቱ መጨረሻ ደብተሬ ውስጥ አርባ አንድ ዓይነት ዕፅዋት ነበሩ፤ ግማሾቹን የነገረኝ እሱ ነው። ስጽፍ ፊቴን ያያል፤ ቀና ስል ወደ ከብቶቹ ይዞራል። እኔም ቶሎ ቶሎ ቀና ማለት ለመድኩ።

ያልነገርኩት ነገር ነበር። የምሠራበት የምርምር ጣቢያ ከግጦሹ መሀል ሃያ ሄክታር አጥሮ ከብት እንዳይገባበት ከልክሏል። ከሦስት ዓመት ቆጠራ በኋላ በአጥሩ ውስጥ ያለው ዕፅዋት ከውጭው የተሻለ ከሆነ ግጦሹ በሙሉ ለአምስት ዓመት ይዘጋል። ያኔ አባቱ መንጋውን ከመሸጥ ሌላ ምርጫ የላቸውም። ቆጠራው ይለቅ፣ ከዚያ እነግረዋለሁ እያልኩ ቆየሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔ ዝምታ ግን ነቀዘ።

በመጀመሪያው ዓመት ሪፖርቴ «በአጥሩ ውስጥ ሣሩ ወገብ ደርሷል» ብዬ ጻፍኩ፤ ፎቶም አያያዝኩበት። የጣቢያው ኃላፊ ግጦሹን ከመዝጋት ዕቅዱ ጋር በደስታ በአርቢዎች ማኅበር ሰሌዳ ላይ ለጠፈው። ቆቅ እዚያ አነበበው። ዕፅዋት በጋዜጣ መሀል አድርጌ ወደማደርቅበት ክፍል መጣ፤ ከበሩ ግን አላለፈም።

«ስማቸውን የነገርኩሽ እኔ ነኝ» አለ። «በነሱ ነው የምታስወጪን?»

«ልነግርህ ነበር እኮ።»

«መቼ? ላሞቹ ከተሸጡ በኋላ?»

ሆድና ጀርባ ሆንን። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያየኝ መንጋውን በሌላ በኩል ይነዳል።

በሦስተኛው ክረምት ቁመቱን ትቼ ዓይነቱን ቆጠርኩ። በአጥሩ ውስጥ ረጅሙ ሣር ሌላውን ጥላ አልብሶ ገድሎታል፤ የአምናው ደረቅ ሣር አዲሱ ላይ ተኝቶበታል። ከአርባ አንዱ የቀሩት አሥራ ስድስት ናቸው። ከብቶቹ ጋጥ አድርገው በሚያልፉበት በውጭው መስክ ግን ሠላሳ ስምንት አገኘሁ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ቁመት አታሎኝ ነበር። አጥሩን ተደግፌ አለቀስኩ፤ ደስታም ነበር፣ እፍረትም ነበር።

ቆቅን ፍለጋ መንጋው ወደሚጠጣበት ውሃ ሄድኩ። ሁሉንም ስነግረው ፊቱ በራ። በጭቃ እጁ እጄን ያዘኝ።

«ገና አልጨረስኩም» አልኩት። «እዚህም ቆጥሬያለሁ። በጋውን ሁሉ ከብቶቹ ከውሃው ዳር አይነቃነቁም። ዘጠኝ ዓይነት ብቻ ነው የቀረው። ሁለት ዓመት ማረፍ አለበት።»

እጄን ለቀቀ።

«እሱን ተይው። ሌላው ውሃ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ አባቴ ደግሞ አርጅቷል። ይቺን ብቻ ተያት፤ ለእኔ ስትይ።»

እወደው ነበር። ያን ሰዓት አጥሩን ንቀይው ቢለኝ በጥርሴም ቢሆን እነቅለው ነበር። ቁጥር ደብቂ ሲለኝ ግን ደብተሬን ብብቴ ሥር አድርጌ ሄድኩ።

ስብሰባው በማኅበሩ አዳራሽ ነበር። ኃላፊያችን ከፊት፣ የቆቅ አባት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ እሱ በሩ ጋ ቆሞ። የመጀመሪያው ዓመት ሪፖርት የእኔ ስህተት እንደሆነ ተናገርኩ፤ ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አሥራ ስድስት አልኩ። ሠላሳ ስምንት አልኩ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ከዚያ ስለ ውሃው ዳር ተናገርኩ፤ ጭብጨባው ወደ ጉምጉምታ ተለወጠ። ወደ በሩ ሳይ ቆቅ የለም።  አጣሁት፣ አበቃ አልኩ በልቤ።

አባቱ ተነሡ።

«ልጄ፣ ዘጠኝ ነው ያልሽው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ተሳስተሻል።»

ከዘራቸውን ከፍ አደረጉ።

«ሰባት ነው። ሁለቱን ጎርፍ ነው ያመጣቸው፤ በጋ ሲገባ አታገኚያቸውም። ይሄን ነገር እኔ ካወቅኩት ቆየሁ። ያረጀ ሰው አታስቸግሩት እየተባለ ሁሉም አዘነልኝ፤ ልጄም ጭምር። ያዘነልኝ ሁሉ ዋሸኝ። አንቺ ግን አላዘንሽልኝም፤ ተባረኪ።» ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞሩ። «አጥርህን ከመስኩ ንቀልና ውሃው ዳር ትከለው። እንጨቱን እኔ አግዛለሁ።»

ስወጣ ማንንም አላናገርኩም። ወደ ውሃው ሮጥኩ። ዳሩ ላይ አንድም ከብት የለም። መንጋው ከአቀበቱ ሥር ወደ ሌላው ውሃ አፉን አዙሮ ቆሟል፤ ቆቅ ከፊቱ ነው። አባቱ ያሉትን ገና አልሰማም።

«ማን አዘዘህ?» አልኩት ትንፋሼ እየተቆራረጠ።

«ማንም። ስትናገሪ አዳራሹ ሁሉ አጉረመረመብሽ፤ ግን አልተውሽውም። እኔ በሩን ተደግፌ መቆም አቃተኝ።» ዱላውን ወደ አቀበቱ ቀሰረ። «መንገዱ ግማሽ ቀን ነው። ብቻዬን ይረዝምብኛል።»

የስብሰባ ጫማዬን አወለቅኩና በባዶ እግሬ ከጎኑ ገባሁ። እናቴ አሁንም ለጎረቤት ቢሮ እንደምሠራ ነው የምትናገረው። ባሌ ምን እንደሚሠራ ሲጠይቋት ግን እውነቱን ትናገራለች።